ወደ ውርጌሳ፣ ሦስት ሰው

ልጄ አፑን ከስልኬ ላይ ለምን እንዳጠፋሁት ደጋግማ ትጠይቀኛለች። «አርጅቼ ነው፣ ዓይኔ ደከመ» እላታለሁ። እሷ ግን አታምነኝም፤ ዓይኔ ደህና መሆኑን ታውቃለች።

የጫነችልኝም እሷው ነበረች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያቺን አሮጌ መኪናዬን ይዤ ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ስመላለስ ታዝባ፣ «አባዬ፣ ባዶ መኪና ከምትነዳ ሰው ጫን፤ ጨዋታም ታገኛለህ» አለችኝ። ለማላውቀው ሰው በስልክ ቦታ መስጠት መጀመሪያ ነውር መስሎኝ ነበር። መንገድ ዳር እጁን ያነሳን ሰው ማሳፈር ሌላ ነው፤ ፊቱን ታያለህ፣ ሰላምታውን ትሰማለህ። ልጄ ግን ከያዘች አትለቅም። ከየት፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው የሚለውን ሞልቼ፣ ከታች ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ማስታወሻ እንድጽፍ አስተማረችኝ። እኔ ሁልጊዜ «ሦስት ሰው» ብዬ ነው የምሞላው። አራተኛ ሰው ከተጨመረ የኋላው ጎማ ከላዩ ካለው ቆርቆሮ ጋር ይፋተጋል።

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ጡረታ የወጣ ሰው የሚፈልገው ያለ አይመስለውም፤ ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር። ሚኒባሱ ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ ሲውል፣ ወይ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈት፣ ሰዉ እኔን ነበር የሚፈልገኝ። ከጉዞ በኋላ ተሳፋሪው ለሹፌሩ ኮከብ ይሰጣል፤ የኔ አምስቱም ሙሉ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በመንግሥት ሥራ ስለፋ አንዲት የምስጋና ደብዳቤ ሳላገኝ፣ በስተርጅና ባለ አምስት ኮከብ ሆንኩ። ኮከቤ እንዳይጎድል ብዬም ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ የተመዘገበን ሰው ጥዬ አልሄድም፣ የምቆምበት ቦታ ሳልቆም አላልፍም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ የያዝኩት ስልክ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ቁርሴን ሳልቀምስ ከውርጌሳ ተደወለልኝ። የደወለው መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጥ የድሮ ወዳጄ ነው። «ሽማግሌው ሱብሂ ከሰገዱ በኋላ አረፉ» አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱና እኔ ሽማግሌው የምንላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

በማሽላ ዘር ሙከራ ሥራ ላይ ሳለሁ ለዓመታት ከማሳቸው እየቆረሱ የሰጡን ገበሬ ናቸው። ሌላው «ለናንተ ጨዋታ የሚሆን መሬት የለኝም» ሲለን፣ እሳቸው «እስቲ ዝሩት፤ ካልሆነም ከብት ይበላዋል» ብለው ሳቁ። ሥራው አልቆ እንኳ ወዳጅነታችን አላለቀም። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም ነን፤ ለፋሲካ እኔ ቤት ይመጣሉ፣ ለአረፋ እኔ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ። ለሳቸው የሚሆነውን በግ እስላም ጎረቤቴ ነበር የሚያርድልኝ። በስተመጨረሻ ጥርሳቸው አለቀና ማንጎ ወዳጅ ሆኑ። ከመርሳ በጣም የበሰለውን መርጬ ስወስድላቸው፣ ጭማቂው እስከ ክርናቸው እየወረደ «ይሄን የፈጠረ ጌታ ጥርስ እንደሚረግፍ ያውቅ ነበር» ይሉኝ ነበር።

ጀናዛው አምስት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ወዳጄ ነግሮኛል። በኛ አገር ለቀብር ባዶ መኪና መንዳት ያሳፍራል። ስለዚህ አፑን ከፈትኩና ሞላሁ፤ ከወልድያ ወደ ውርጌሳ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰው። ማስታወሻው ላይ ደግሞ «ለጀናዛ ነው፤ መድረስ የሚፈልግ ይምጣ፤ ሒሳብ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። የሽማግሌውንም ስም ከነአባታቸው አስገባሁ። ማን እንደሞተ ሳይነግሩ ሰውን ለቀብር መጥራት ምን ይባላል ብዬ ነው። ወዲያው ሁለት ሰው ተመዘገበ። አንዷ የሟች የሩቅ ዘመድ የሆኑ የሰፈራችን አሮጊት ናቸው፤ ስልኩን የነካኩላቸው የልጃቸው ሚስት ናት። ሁለተኛው ከሲሪንቃ የሚሳፈር እህል ነጋዴ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ወንድ ልጅ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሰሙ አይደል?»

«ሰማሁ ልጄ። አላህ ይዘንላቸው።»

«እህቴ እዚያው ወልድያ ናት። አልነገርናትም። አባባን አሟቸዋል፣ ድረሽ ነው ያልናት። አሁን መኪና እየፈለገች ነው። አንቱ ጋ ከመጣች፣ አደራ፣ ነገሩን እንዳታሰሟት። ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ይዘው ይነግሯታል። ፊታቸውን አይታ እንድትሰናበት ነው የምንፈልገው።»

«ለኔ አደራ አያስፈልግም። እኔስ የወሎ ሰው አይደለሁም?» አልኩት።

መርዶ በኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። የሞተበት ሰው የሚደግፈው ክንድ ባለበት፣ በወገን መሀል፣ በወጉ ነው የሚረዳው። ብቻውን መርዶ ሰምቶ ራሱን የጣለ ሰው ታሪክ የሌለው ሰፈር የለም። እኔ ደግሞ ስማቸውን ከነአባታቸው ለዓለም ለጥፌዋለሁ። ቶሎ ብዬ ማስታወሻውን አጠፋሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ወዲያው ስልኬ ጢን አለ፤ ስሟ መጣ፣ አንድ ሰው፣ ወደ ውርጌሳ። የማስታወሻውን ቦታ ደግሜ አየሁት፤ ባዶ ነው። ተመስገን፣ አላየችም ብዬ ተነፈስኩ። ለአሮጊቷና ለነጋዴው ደውዬም፣ «ልጃቸው አብራን ናት፣ ትንፍሽ እንዳትሉ» አልኳቸው።

ልጅ ሳለች አውቃታለሁ፤ ማሽላው ሲያሸት ማሳው ዳር ማማ ላይ ቆማ ወፍ ትጠብቅ ነበር። አሁን ወልድያ አግብታ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከተባባልንበት ቦታ ቀድማኝ ቆማ አገኘኋት። ስትጨብጠኝ እጇ ቀዝቃዛ ነበር። አሮጊቷ ከኋላ ስለነበሩ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባባን አሟቸዋል አሉኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ትንሽ ነው አሉ። ጉንፋን ቢጤ» አልኳት። ውሸቱ እንዲህ ቶሎ ሲመጣልኝ ራሴን ታዘብኩት።

«ኢንሻ አላህ ይሻላቸዋል» አሉ አሮጊቷ ከኋላ፤ ድምፃቸው ግን ተሰባበረ።

ረዘም አድርጋ አየችኝ። «ኢንሻ አላህ» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ብቸኩል ትጠረጥራለች ብዬ እንደወትሮዬ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ደግሞም ሰዓቱ የሚበቃን መስሎኝ ነበር። አሮጊቷ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፣ እኔ ስለ ጤፍ ዋጋ እመልሳለሁ፤ አንዳችንም የሌላውን አንሰማም። አንዴ እንዲያውም ሳቅን። በምን እንደሳቅን ዛሬ አላስታውስም፤ መሳቃችን ብቻ ያሳፍረኛል።

ሲሪንቃ ስንደርስ ነጋዴው መንገድ ላይ የለም። ብደውልለት «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ጥዬው መሄድ ነበረብኝ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ስናገረው ቀላል ነው። ያኔ ግን የተመዘገበን ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም፤ እሷም አፑ ላይ ስሙን አይታዋለች። ምን አስቸኮለዎት ብትለኝስ? ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። አንዴ ስልኳን አየችና ጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ነጋዴው ሲመጣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ መቁጠሪያ ሙስበሐውን በእጁ ይዞ ነው። ጀናዛ የሚሄድ ሰው መሆኑን ዕውር እንኳ ያውቃል። በመስታወቱ በዓይኔ ወጋሁት።

«ዛሬስ አምሮብዎታል» አለችው ዞር ብላ።

«ሰርግ... ሰርግ ቢጤ አለብኝ» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«አላህ ያሳምረው» አለችው።

መርሳ ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ። ስልኩ መንገዱን ያሳየኛል ብዬ መሪው አጠገብ የሰካሁት ነው፤ የወንድሟ ስም በትልቁ ተጽፎ ያበራል። ቶሎ ገለበጥኩት። ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። ለሦስተኛ ጊዜም ጮኸ።

«ያንሱት እንጂ፣ ጋሼ።»

«እየነዳሁ ስልክ አላነሳም» አልኳት። እውነት ነው፣ አላነሳም። በዚያ ጉዞ የተናገርኩት አንድ እውነት እሱ ይመስለኛል፤ እሱም ለውሸት ዋለ።

ኬላው ላይ ፍተሻ ነበርና ወርደን ተሰለፍን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ገባን። ከዚያ ፍራፍሬ ሻጮቹ ከተደረደሩበት ስንደርስ አሮጊቷ፣ «ለበሽተኛ ባዶ እጅ አይኬድም። ልጅቱ ማንጎ ትግዛ እንጂ» አሉ። በሆዴ ተናደድኩ፤ ግን ልክ ናቸው። መርሳን አልፎ በሽተኛ ጥየቃ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም፤ ሳልቆም ባልፍ ነገሩን ራሴ እንደነገርኳት ይቆጠራል። ቆምኩ።

እሷ ወረደች። መስኮቴ ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። «በጣም የበሰለውን ነው የምፈልገው፤ አባቴ ጥርስ የላቸውም» አለቻት ሻጯን። አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ እየተጫነች መረጠች። ጠንከር ያለውን ትመልሳለች፣ ለስለስ ያለውን ወደ ፌስታሉ ትጨምራለች። ሻጯ «ሁሉም አንድ ነው እኮ» ስትላት፣ «አንድ አይደለም» አለቻት በቀስታ። ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩ። አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ። ነጋዴው ሙስበሐውን ይቆጥራል። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ ሰዓት ማየት ፈርቼ ነበር።

ውርጌሳ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ከፊታችን ያሉት መኪኖች ቆሙ። ሰው መንገዱን እያቋረጠ ነው። ጀናዛ ሲያልፍ ማንም ቢሆን ይቆማል፤ እኔም ሞተር አጥፍቼ ቆምኩ። ቃሬዛው አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ በፍጥነት ከፊታችን አለፈ። ከቃሬዛው ስር አንገቱን ያዘነበለው ወንድሟ ነበር። መኪናዬን አየ፤ ከጎኔ እሷን አየ፤ ግን ቃሬዛ ተሸክሞ መቆም የለም፤ አለፈ።

አሁን ትጮሃለች፣ በሩን ከፍታ ትወረወራለች ብዬ እጇን ለመያዝ እጄን ሰደድኩ። አልጮኸችም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፣ ለራሷ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ፊታቸውን አላየሁም» አለች። ሴቶቹ እዚያው አጠገብ ካለው ቤት ወጥተው እስኪይዟት ድረስ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ አብረዋት ሄዱ፤ ነጋዴው ጀናዛውን ተከትሎ ሮጠ።

እኔ መቃብሩ ዳር ከክርስቲያኖቹ ጋር ቆምኩ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ወንድሟ መጣና አቀፈኝ።

«ሦስት ጊዜ ደወልኩልዎ፣ ጋሼ» አለኝ። «ሽማግሌዎቹን ለምኜ ግማሽ ሰዓት አስቆይቻቸው ነበር። የት እንደደረሳችሁ ባውቅ ትንሽ ጨምሬ አስቆያቸው ነበር። አንቱ ሲጠፉብኝ፣ ጀናዛ አይጉላላም ብለው አነሱ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መኪናዬ ስመለስ ስልኩ «ጉዞው ተጠናቋል?» ይለኛል። አዎ የሚለውን ነካሁት። ፌስታሉ ከፊት ወንበሩ ስር ቀርቷል።

በማግስቱ ስልኬ ጢን አለ። ከሷ ነው፤ አምስት ኮከብ። ለሰው ጉዳት የተሰጠ ምስጋና መስሎ ስለተሰማኝ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማንጎውን ከመኪናው አላወጣሁትም። ልበላው አልችልም፣ ልጥለውም አልችልም። መኪናው በሙሉ የበሰለ ማንጎ ሸተተ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ወንዶቹ ዘንድ ተቀምጬ ዱዓው እስኪያበቃ ጠበቅኩና ልወጣ ስል እሷ ከሴቶቹ ተለይታ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ከግቢው ግንብ ጥግ ቆምን።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ሲሪንቃ ባልቆም፣ መርሳ ባልቆም ትደርሺ ነበር። ስልኩንም ያላነሳሁት የወንድምሽን ስም እንዳታዪ ብዬ ነው። እንዳትሰሚ ብዬ ነው ሁሉንም ያደረግኩት።»

«ሰምቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

አልገባኝም። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። በዚያ መንገድ መኪና ለሚጠባበቅ ተሳፋሪ ሁሉ አፑ የመጀመሪያ ጽሑፌን ልኮለት ኖሯል። እኔ ከራሴ ላይ ያጠፋሁት እሷ ጋ አልጠፋም። የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ «ለጀናዛ ነው» የሚለው፣ ሁሉም አለ።

«ልጆቹን ቁርስ ሳበላ ነው የደረሰኝ» አለች። «ከፍቼ ስገባ ደግሞ ማስታወሻው የለም። ለኔ ብለው እንዳጠፉት ገባኝ።»

ግንቡ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ፍጠን አትይኝም ነበር? አንዲት ቃል ብትይኝ በበረርኩ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እማማ ከኋላ እየተንቀጠቀጡ ይሻላቸዋል ይሉኛል። ያ ሰውዬ ጀለቢያ ለብሶ ሰርግ ነው ይለኛል። አንቱ ጉንፋን ነው አሉኝ። ሦስት ትልልቅ ሰው እንዲህ ሲጨነቅልኝ፣ አውቄያለሁ ብዬ እንዴት ላሳፍራችሁ? ደግሞ እናንተ ያ ሁሉ ስትሉ፣ ትንሽ ትንሽ እያመንኩም ነበር። ቤት እስክደርስ አባባ ያሉ ይመስለኝ ነበር።»

አንድ ነገር ከሦስት ቀን ጀምሮ ሲበላኝ ነበርና ጠየቅኳት።

«ማንጎውንስ? ያን ሁሉ ስትመርጪ፣ ለማን ነበር?»

«ለአንቱ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «እንዳላወቅኩ እንዲያምኑልኝ ብዬ።»